ከተመስገን በኋላ

ይህን የምጽፈው ትኩሳቱ አመሻሽ ላይ መጥቶ ጠዋት ለሚተዋቸው፣ ቀን ቀን ደህና ስለሚመስሉም የሚያምናቸው ላጡ ሰዎች ነው። ለአመስጋኞችም ነው፤ እንዲያውም በተለይ ለእነሱ። እኔ ከአመስጋኝ ቤት ነው የወጣሁት። እናቴ ጎንደር ውስጥ ልጆቿን ተራ በተራ ቀብራ፣ እንዴት ነሽ ላላት ሁሉ «ተመስገን፣ እሱ ያውቃል» እያለች የኖረች ሴት ናት። ለእኔም ያወረሰችኝ ይህንኑ ነው። «ሰው ሲጠይቅሽ መጀመሪያ አመስግኚ፤ ማማረር ከልክ ያለፈ ድፍረት ነው» ትለኝ ነበር። ካመሰገንኩ በኋላ ምን እንደምል ግን አልነገረችኝም።

በደርግ ዘመን ባለቤቴ ታደሰ ነገሌ ቦረና መምህር ሆኖ ተመደበ። እኔም ተከትዬው ወረድኩና እዚያው ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ማስተማር ጀመርኩ። ነገሌ ለደጋ ሰው አትመችም። ከቀዩ አቧራ የተነሣ ነጠላዬን ከታጠበበት ቀን በስተቀር ነጭ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ቢሆንም ሰዉን ወደድኩት። ልጅ ስላልነበረን ቤታችን ሰፊ ነበር፤ ባዶነቱንም በእንግዳ እንሸፍነው ነበር።

ድርቁ የጠናበት ዓመት ቃባሌ የምትባል የቦረና ሴት ሎኮ የምትባል ልጇን አዝላ በራችን ላይ ቆመች። የመጣችው ውሃ ልትለምን ነበር። ልጅቷ ግን ኩፍኝ ይዟት ዓይኗ ተጣብቆ፣ ከንፈሯ ደርቆ አየሁና እናትና ልጅን አስገባኋቸው። ሎኮ እስኪሻላት ድረስ እኛ ቤት ተኛች። ዝናብ ተመልሶ የተረፉት ላሞች መታለብ ሲጀምሩ፣ ቃባሌ በገበያ ቀን ጮጮ በሚሉት በጭስ የታጠነ ዕቃ ወተት ሞልታ ይዛ መጣች። በሚቀጥለው ገበያም መጣች። በኋላ «ይበቃል፣ አትልፊ» ብላት፣ «ሎኮ እስካለች ወተቱ አለ» አለችኝ። ጾማችንን ከእኔ ይልቅ ታስታውስ ነበር። በጾም ወራት ድርሽ አትልም፤ ፍስክ በገባ በመጀመሪያው ገበያ ግን ጮጮዋን አንጠልጥላ ከሰው ሁሉ ቀድማ ትደርሳለች።

አንድ ቀን ወተቱን ላፈላው ድስት ሳነሳ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። ወተት እሳት ላይ ከተጣደ የታለበችው ላም ጡቷ ይታመማል ብለው የሚያምኑ እዚያ አገር ብዙ ነበሩ፤ እሷም አንዷ ናት። ደግሞ ምስጋናዋን ይዛ ፊቴ ተቀምጣ ሳለ እሳት ላይ መጣዱ እሷን መጠርጠር መሰለኝ። ድስቱን ወደ ቦታው መለስኩ። ከዚያ ወዲያ እያየችኝ በጣሳ ቀድቼ እጠጣለሁ። የጭስ ሽታ ያለው፣ ወፍራም፣ ጣፋጭ ወተት ነበር። ታደሰ ከልጅነቱ ጀምሮ ወተት ሆዱን ስለሚነፋው አይነካም፤ ሁሉም የእኔ ነበር።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ድካም ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቆሜ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሲመሽ ብርድ ብርድ ይለኝና ትኩሳቱ ይከተላል፤ ሌሊቱን አንሶላው እስኪጨመቅ ድረስ ያልበኛል። ላቤ ሽታው ተለወጠብኝ፤ እርጥብ ገለባ፣ ገለባ ይላል። ጠዋት ስነሣ ግን ትኩሳቱ የለም። ለሳምንት ያህል ይተወኝና ድኛለሁ ብዬ ልብስ አጥቤ፣ ቤት ጠርጌ ሳበቃ እንደገና ይመለሳል።

ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለው ጤና ረዳት ትሁት ወጣት ነበር። ገና ከመግባቴ «እህቴ፣ እንዴት ነሽ?» ይለኛል። እኔም «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። ታማ የመጣች ሴት ደህና ነኝ ስትል የሚሰማ ሰው ምን ያድርግ? ትንሽ ሙቀት አለኝ አልኩት፤ በቆላ አገር ሙቀት ማለት ወባ ነውና የወባ ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒኑ ከትኩሳቱ ይልቅ ቆዳዬን አሳክኮ ሊገድለኝ ነበር። ተመልሼ ስሄድ «ዛሬስ?» አለኝ። «ተመስገን፣ ይሻለኛል» አልኩት። አልተሻለኝም። ግን የሰጠኝን ሰው በሰጠኝ ላይ ማማረር ነውር መስሎ ታየኝ። ካርዴ ላይ መሻሌን ጻፈና አሰናበተኝ።

ቀጥሎ ወገቤ ተያዘ። ከወንበር የምነሣው ጠረጴዛ ተደግፌ ነው። ወደራ ከተማ ድረስ ሄጄ ሌላ ሰው ዘንድ ታየሁ፤ እሱ ተስቦ ነው አለና ሌላ ኪኒን ሰጠኝ። ለእሱም ሌላ አላልኩም፤ ተመስገን። ጠበልም ገባሁ። ከሁሉም በኋላ አንዱ ነርቭ ነው ብሎ ቫይታሚን ሰጠኝ። በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሌሎች በሽተኞች ሲያቃስቱ እሰማና በልቤ እኮራ ነበር። እኔ አላቃስትም፤ እኔ አመስጋኝ ነኝ። አቤት ሞኝነት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እኔን ይመለከተኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ቤታችንም ታመመ። ታደሰ ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ ይቀዳል፣ ወጥ ይሠራል፤ የወንድ ወጥ በላሁ ብዬ ስቄበት ነበር መጀመሪያ ላይ። በኋላ ሁለታችንም መሳቅ ተውን። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ደጋግሜ በመቅረቴ ቀበሌ ተጠርቼ ተገሠጽኩ። ጎረቤት ጠዋት በር ላይ ፀሐይ ስሞቅ ያየኛል፣ ማታ የሚሆነውን አያይም፤ ሰንፋለች ተባለ። አንድ ቀን ታደሰም ራሱ «አስካለ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ታመሻል ወይስ አገሩ አስጠልቶሻል?» አለኝ። ለሰው ሁሉ ደህና ነኝ ስል እየሰማ እሱስ ምን ይመን? ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

በዚህ መሃል አረገዝኩ። ስንት ዘመን የለመንነው ነው። ታደሰ ሲሰማ ወጥቶ ጓሮ ቆሞ አለቀሰ። ያን ጊዜ ተመስገን ያልኩት ከልቤ ነው፤ ሕመሙንም ረሳሁለት። ቃባሌ ስትሰማ ከጮጮው በተጨማሪ ቅቤ ይዛ መጣች። «ለሁለት ጠጪ» አለችኝና ጣሳውን ራሷ ሞላችልኝ። ጠጣሁ።

ጽንሱ መገላበጥ ከጀመረ በኋላ ወረደ። ወንድ ነበር። ታደሰ በጨርቅ ጠቅልሎ ወስዶ ቀበረው፤ የት እንደሆነ ያኔ አልጠየቅሁትም፣ በኋላ ስጠይቀውም አላሳየኝም። እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። ከዚያ በኋላ አልወለድኩም።

ቃባሌ ልታስተዛዝነኝ መጣች። «አካም?» አለችኝ፤ እንዴት ነሽ ማለቷ ነው። «ተመስገን» አልኩና እንግዳ መጣ ብዬ ጣሳ ለማምጣት ወገቤን ይዤ ተነሣሁ። እጄን ያዘችኝ። በሰባራ አማርኛዋ፣ «እኛ ናጋ፣ ሰላም ነው፣ ብለን እንቀመጣለን፣ ከዚያ እንናገራለን። እናንተ ተመስገን ብላችሁ ትነሣላችሁ። ሁልጊዜ የማየው ነው» አለች። እጄን አስለቅቄ ወደ ጓዳ ገባሁ። እሷም ብዙ ተቀምጣ፣ ጮጮዋን ትታልኝ ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ ተመስገን የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። የሚጠይቀኝ ሲመጣ ዝም እላለሁ። ጸሎት ስጀምር፣ ከሁሉ በፊት የሚባለው ምስጋና ነውና፣ እሱ ላይ እቆማለሁ፤ እሱን ካላለፍኩ ደግሞ ወደሌላው መሄድ አልችልም። ማታ ትኩሳቱ ሲነሣ እፈራለሁ። የምፈራው ሞትን አልነበረም። ሳላመሰግን እንዳልሞት ነበር የምፈራው፤ የማመሰግንበት ነገር ደግሞ አላገኘሁም።

የነፍስ አባቴ አባ ተክሌ ይህን ሰምተው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ አስም ስላለባቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ያርፋሉ። «ምን ሆንሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አባ፣ ማመስገን አቃተኝ» አልኳቸው።

«እሱን ተዪው። ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

ስለ ነፍሴ ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ስለ ሥጋዬ ጠየቁኝ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣ «አሥሩን ለምጻሞች ስናስተምር፣ ተመልሶ ስላመሰገነው ስለ አንዱ ብቻ እናወራለን» አሉ። «እነዚያ ሰዎች ግን መጀመሪያ ያደረጉት ምንድን ነው? ጮኹ። በሩቅ ቆመው ማረን ብለው ጮኹ። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ያ አንዱስ ምን ብሎ ይመለስ ነበር? አንቺ ደግሞ ሳትጮኺ ልታመሰግኚ ፈለግሽ።» ከዚያ ወደ ታደሰ ዞረው፣ «ወደ ላይ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዘሃት ውጣ። እዚህ ተቀምጣ አትለቅብህ» አሉት።

ዕቁብ ለምነን ቀድመን አወጣንና በአውቶቡስ ወጣን። መንገዱ ወገቤን በየጉድጓዱ እየፈተነው፣ ኬላ ላይ እየተፈተሽን፣ ደጋው ላይ ቦሬ ስንደርስ ጉም ውስጥ ገባን። የቆላ ሰው ሆኜ ኖሮ ብርዱ አንቀጠቀጠኝ። ከጎኔ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ምንም ሳትጠይቀኝ ጋቢዋን ከፍላ አለበሰችኝና ራሴን ትከሻዋ ላይ አስደገፈችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት መንገድ ላይ ወረደች። ዛሬም ድረስ በጸሎት «ያቺ ባለጋቢዋ» እያልኩ አነሣታለሁ።

ትልቁ ሆስፒታል በር ላይ ያለው ሰልፍ የዋዛ አልነበረም። ውጭ ቆመን፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆመን፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን ልጁን ታቅፎ የነበረ ገበሬ ከመጠራቱ በፊት ልጁን ሸፍኖ ተነሥቶ ወጣ። ታደሰ እጄን ያዘኝ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ መያዙ ነበር።

ሐኪሟ ድምጿ የጎረነነ፣ ፊቷ የደከመው ሴት ናት። «እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

ምላሴ የለመደውን አይረሳም፤ ጠፋ ያልኩት ቃል ሐኪም ፊት መጣልኝ። «ተመስገን፣ ዶክተር፣ ዛሬ እንኳን...»

«ተመስገኑን እኔ እልልሻለሁ!» አለ ታደሰ። «አንቺ ሕመሙን ንገሪያቸው።»

ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ግን አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ነገርኳት። ላቡን፣ ሽታውን፣ ወገቤን፣ ጉልበቴን፣ ሄዶ የሚመለሰውን ትኩሳት፣ የወረደውን ጽንስ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ሕመሜ አልነበረም።

«ወተት ትጠጫለሽ?»

«አዎ፤ ወዳጄ ታመጣልኛለች።»

«ታፈዪዋለሽ?»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ።

«ላሞቿ ጽንስ ይጥላሉ?»

«አላውቅም። ጠይቄያት አላውቅም» አልኩ። እውነት ነበር። ያን ሁሉ ገበያ ስትመላለስ ናጋ ትለኛለች፣ ተመስገን እላታለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ትሄዳለች።

ደሜን ወሰዱና ውጤቱ መጣ። በሽታው ብሩሴሎሲስ ይባላል፤ ከታመመ ከብት ባልፈላ ወተት ወደ ሰው የሚገባ ነው። ላሟን ጽንሷን ያስጥላታል፣ ሰውን ደግሞ እንዲህ እያደረገ ያስቀምጠዋል። ወባ እየመሰለ ብዙ ሰው ያታልላል አለችኝ። «የእኔስ ጽንስ?» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሊሆን ይችላል። ነው ብዬ አልምልልሽም፣ አይደለምም አልልሽም» አለች።

መድኃኒቱ ረጅም ነው። መቀመጫዬ እስኪደነድን ድረስ መርፌ ተወጋሁ፤ ሆድ የሚያቃጥል ኪኒንም ለብዙ ሳምንት ዋጥኩ። አትተዉት እላችኋለሁ፤ ተሻለኝ ብሎ የተወ ሰው ተመልሶ ሲተኛ እዚያው አይቻለሁ። ትኩሳቱ ቀስ እያለ ተወኝ። ንዴቱ ግን አልተወኝም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ያቺን ጮጮ በልቤ ስንት ጊዜ ሰበርኳት። ለደግነቴ የተከፈለኝ ይህ ነው ወይ? ልጇን አተረፍኩላት፣ ልጄን ወሰደችብኝ እል ነበር። እንዲህ ማሰቤ ያስፈራኛል፤ አስበዋለሁም። አባ ተክሌ ጩኺ ብለውኛልና ይህንንም ለእግዚአብሔር እንዳለ ነገርኩት። ከሰማይ መልስ አልመጣም። ብቻ አንድ ጠዋት ነርሷ መርፌውን ስትነቅል «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት፤ ያመመኝን ቦታ እያሸሁ፣ እያመመኝ። ከዚያ በፊት አሞኝ እያለ፣ መታመሜን ሳልደብቅ አመስግኜ አላውቅም ነበር።

ነገሌ የተመለስኩት ከስቼ፣ ወገቤም ሙሉ በሙሉ ሳይቀና ነው፤ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያስታውሰኛል። በሚቀጥለው ገበያ ቃባሌ መጣች። ከሩቅ ጮጮዋን አየሁና ልቤ ደነገጠ። የምለውን አላሰናዳሁም። ወተቱን ተቀብዬ ስትሄድ ልድፋው? ወይስ ልንገራት? ምስጋናዋ መርዝ ነበር ብሎ ለሰው እንዴት ይነገራል?

ገባች፣ ተቀመጠች። ጮጮውን በእግሮቿ መሃል አቆመችው።

«አካም?» አልኳት፣ ቀድሜያት።

«ናጋ» አለች።

«ላሞቹስ?»

«ናጋ።»

ልነሣ ነበር። ጣሳው ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ከናጋ በኋላስ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተናገረች። ቀይዋ ላም ጥጃዋን ሳይደርስ ጥላለች፣ ግራጫዋም ጥላለች፤ ካለፈው ድርቅ በኋላ በረቱ እንደ በፊቱ አልሆነም። ባሏ ሲመሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከወገቡ ቀና አይልም፣ ወባ ነው ብለውታል። ይህን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም ብላት፣ «ዛሬ ጠየቅሽ» አለችኝ።

እኔም ነገርኳት። ሐኪሟ ያለችውን፣ የከብቱን፣ የወተቱን። ባልሽን ነገ ይዘሽ ነይ፣ ታደሰ ከእናንተ ጋር ይሄዳል፣ መድኃኒት አለው አልኳት። ስለ ባሏ ያልኩትን የሰማች አልመሰለኝም። ዓይኗ ጮጮው ላይ ነበር።

«ልጅሽን የገደለው የእኔ ወተት ነው?»

አይደለም ማለት እችል ነበር። ተመስገን፣ እሱ ያውቃል ብዬ ተነሥቼ ጓዳ መግባት እችል ነበር፤ እናቴ ብትሆን እንደዚያ ታደርግ ነበር። «አላውቅም፣ ቃባሌ» አልኳት። «ሊሆን ይችላል።»

አላለቀሰችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መሬት አየች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳዬ ገባች፤ ያን ጊዜ የመለስኩትን ድስት አውጥታ ምድጃው ላይ ጣደችውና ወተቱን ራሷ ገለበጠችበት። እሳቱንም ራሷ አያያዘች። ወተቱ መሙቅ ሲጀምር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ማየት አልቻለችም። ለላሞቿ ይሁን ለእኔ ባላውቅም፣ ከንፈሯ ፈጣሪዋን ዋቃን ይለምን ነበር። ወተቱ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ሲንሿሿ ትከሻዋ ተኮማተረ።

በጣሳ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ጭስ ጭስ የሚለው ሽታ በመፍላቱ ጠፍቶ ነበር። እስኪበርድ ያዝኩትና ጠጣሁት።

«ተመስገን» አልኩ።

ከዚያ አልተነሣሁም። ቃባሌ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እኔም ስለ ልጄ ነገርኳት።